ነሐሴ፣ ፍላሚንጎ እና ቀይ ቀበሮ፦ አምስት ቀን የት ይዋል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምጽፈው ከሜሪላንድ ነው። ነሐሴ ላይ የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቼን ይዤ አገር ቤት እገባለሁ። ከዘመድ ጥየቃ የሚተርፈን አምስት ቀን ነው። ወንድሜ ፕሮግራም አውጥቶልናል፤ በመጀመሪያው ቀን አብያታ ፍላሚንጎ፣ በሁለተኛው ባሌ ቀይ ቀበሮ፣ በሦስተኛው ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ በአራተኛው አርባ ምንጭ አዞ ገበያ፣ በአምስተኛው መመለስ። ፍላሚንጎው ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም ይላል። እኔም ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስንሄድ የሐይቁ ዳር ሮዝ ሆኖ ነው ያየሁት። አንድ ጓደኛዬ ግን ‹ዛሬ እዚያ ወፍ የለም፣ ፋብሪካው ውኃውን ሲስበው ዓሣው አለቀ፣ ወፉም በረሃብ ጠፋ› አለኝ። ማንን ልመን? ነሐሴስ ይሆናል?»

ወንድምዎም ጓደኛዎም ከፊሉን ብቻ ነው የያዙት፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ያሳስበኛል። ከአብያታ ልጀምር፣ ምክንያቱም የልጅነት ትዝታዎ ያለው እዚያ ነው።

ፍላሚንጎ ዓሣ አይበላም። በእኛ ሐይቆች ሁለት ዓይነት አለ። በብዛት መጥቶ ዳርቻውን ሮዝ የሚያስመስለው ትንሹ ፍላሚንጎ ነው፤ እሱ አንገቱን ቆልምሞ ምንቃሩን በግልብጥ ውኃ ውስጥ እየነከረ የሚያጣራው በሶዳማ ውኃ ላይ የሚራባውን ስፒሩሊና የምንለውን ደቃቅ አረንጓዴ ሕይወት ነው። ትልቁ ፍላሚንጎ ደግሞ ከጭቃው ውስጥ ትንንሽ ነፍሳትን ይለቅማል። የላባቸው ቀለም የሚመጣው ከዚሁ ምግብ ነው። ስለዚህ ዓሣ ማለቁ ፍላሚንጎን አያስርበውም። ዓሣው ሲያልቅ የሄደው ሌላ ወፍ ነው፤ እሱም ፔሊካን ነው። ነጩ ፔሊካን ጎጆውን የሚሠራው በሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ነበር፤ ሻላ ግን እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ለፔሊካን የሚሆን ዓሣ የሌለው ሐይቅ በመሆኑ ለጫጩቶቹ ቀለብ የሚያመላልሰው ከጎረቤቱ ከአብያታ ነበር። የአብያታ ውኃ እየጨወየ ዓሣው ሲጠፋ ያ ምልልስ ቆመ። በልጅነትዎ ያዩት ዳርቻ ላይ ሁለቱም ወፎች ሳይኖሩ አልቀሩም፤ ዛሬ ግን ታሪካቸው ለየብቻ ነው።

ውኃው ለምን ቀነሰ ለሚለው፣ አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ መሆኑን ማወቅ ይቀድማል። የሚገባው ውኃ በዋናነት ከዝዋይ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ነው፤ ከላንጋኖ የሚመጣው ሆራ ቀሎም ይጨመርበታል። የሚወጣው ግን በትነት ብቻ ነው፤ በዚያ ሙቀት በዓመት 2 ሜትር ገደማ ውኃ ወደ ሰማይ ይሄዳል። እሳት ላይ የተረሳ ድስት ማለት ነው፤ ውኃው ይተናል፣ ጨውና ሶዳው ታች ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሶዳ አሽ (ለብርጭቆና ለሳሙና ሥራ የሚውል ነጭ ዱቄት) ምርት ከሐይቁ ውኃ ስቧል፣ ይህ እውነት ነው። ጓደኛዎ ያልነገሩዎት ከሐይቁ በላይ፣ ውኃው በሚመጣበት በኩል ያለውን ነው። ዝዋይን የሚመግቡት መቂና ከታር፣ ራሱ ዝዋይ፣ ከዚያም ቡልቡላ በሙሉ ለመስኖ ይጠለፋሉ። በትልልቅ እርሻዎች ብቻ ሳይሆን ሽንኩርትና ቲማቲም በሚያለሙ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፓምፖችም ጭምር። አዲስ አበባ ላይ የምንገዛው ቲማቲም ውስጥ የአብያታ ውኃ አለ። በአንድ ፋብሪካ ላይ ጣት መቀሰር ይቀላል፤ ፋብሪካው ነገ ቢዘጋም ግን ቡልቡላ በበጋ ካልወረደ ሐይቁ አይመለስም። በአንድ ወቅት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከግማሽ በታች ወርዷል።

ታዲያ ሶዳ የሚወድ ወፍ ሶዳው ሲበዛ ለምን ይሄዳል? የሚበላው ደቃቅ ሕይወት ራሱ ልክ አለው። ውኃው ከልክ በላይ ሲጨወይ ይሞታል፣ ከልክ በላይ ሲቀጥንም ይጠፋል። ኬንያ ውስጥ በናኩሩ የደረሰው የእኛን ተቃራኒ ነው፤ ሐይቁ ሞልቶ ውኃው ሲቀጥን ፍላሚንጎዎቹ ለቀው ወደ ቦጎሪያ ሄዱ። እነዚህ ወፎች ቋሚ አድራሻ የላቸውም። ታንዛኒያ ካለው ናትሮን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ዋናው መራቢያቸው ከሆነው ሐይቅ፣ እስከ እኛ ስምጥ ሸለቆ ድረስ ምግብ በተገኘበት ሁሉ በሌሊት እየበረሩ ይዘዋወራሉ። ዛሬ ሺህ ያዩበት ዳርቻ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ተገላቢጦሹም እንዲሁ። «ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም» ያልተቀበልኩት ለዚህ ነው። «ወፍ የለም» የሚለውንም አልቀበልም፤ አብያታ ላይ አሁንም ፍላሚንጎ ይታያል፣ ከሻላ በስተደቡብ ምዕራብ ባለችው በትንሿ ቺቱ ሐይቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአብያታ የተሻለ ይገኛል። ቺቱ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለች ሶዳማ ሐይቅ ናት፤ ከላይ ሆነው ቁልቁል ስለሚያዩዋት ወፎቹን ሳይረብሹ መመልከት ይቻላል።

ነሐሴ ላይ ለፍላሚንጎ ብለው አብያታ እንዲሄዱ ግን አልመክርም። በክረምት ዝናቡና ጎርፉ የሐይቆቹን ዳር ያቀጥነዋል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ከአውሮፓና ከሰሜን እስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ዳክዬዎች፣ የውኃ ዳር ወፎችና ንስሮችም በብዛት የሚገቡት ከመስከረም በኋላ ነው፤ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ይቆያሉ። ስለዚህ ነሐሴ ላይ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ግማሽ እንግዳቸው ገና መንገድ አልጀመረም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ግን ፍላሚንጎ ባይኖር እንኳ ዳርቻው ባዶ አይሆንም።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። አብያታ ወደኋላ በሸሸ ቁጥር ከኋላው የተወው መሬት ላዩ ደርቆ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ ሥሩ ግን ጭቃ ነው። መኪና ይውጣል፣ ሰውም እስከ ጉልበት ይሰምጣል። ወፎቹን ከቅርብ ለማየት ብለው ልጆቹን በዚያ ላይ እንዳያስሮጡ፤ ሾፌሩም «እስከ ውኃው ድረስ እወስዳችኋለሁ» ቢል እምቢ ይበሉ። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂ አብሮ ይሂድ። ወፎቹ ሲመገቡ በሰው ጩኸት እንዲነሱ ማድረግም ልማድ ሆኗል፤ ፎቶው ያምራል፣ ወፉ ግን ቀኑን ሙሉ ለቅሞ ያጠራቀመውን ጉልበት ያለ ጥቅም ያቃጥላል። ገንዘብ ተከፍሎት ወፍ የሚያስነሳ ልጅ ካጋጠመዎት ወፎቹ እንዲቀመጡ ብለው ይክፈሉት።

አሁን ወደ ባሌ። ልቤ ያለው እዚህ ነው፣ የአምስቱ ቀን ዋና ቦታ መሆን ያለበትም እዚህ ነው።

በአንድ ቀን ባሌ ደርሶ ቀይ ቀበሮ አይቶ በማግስቱ ሐዋሳ መዋል በካርታ ላይ ይቻል ይሆናል። ከአዲስ አበባ የባሌ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እስካለባት ዲንሾ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ቀኑን ይጨርሳል። ዲንሾ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ቀበሮው ያለበት የሳነቴ አምባ ደግሞ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል፣ ከሱ በላይ የሚነሳው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖሩበት ከሜሪላንድ የመጡ ልጆችን በሁለተኛው ቀን እዚያ ማውጣት ራስ ምታትና ማስመለስን መጋበዝ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ቀን ይሰንብቱ፣ ዲንሾ ወይም 2,700 ሜትር ላይ ያለችው ጎባ ይደሩ፣ ሳነቴን በቀን ወጥታችሁ ለማደር ውረዱ። ልጅ ራሱን ከያዘ፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ካቅለሸለሸው «ይለምደዋል» አይባልም፤ መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት መውረድ ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሁሉም ተደምሮ 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ይኖራል፣ የቀረው በሰሜን፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎና በአርሲ ተራሮች ላይ ተበታትኗል። በመንጋ ይኖራል፣ የሚያድነው ግን ብቻውን ነው፣ በቀን ብርሃን። ምክንያቱም ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፣ እነሱም በቀን ይወጣሉ። በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ራሱን ከጉድጓዱ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር ሲያጭድ ቀበሮው በሆዱ እየተሳበ ይጠጋዋል። ልጆችዎ ይህን አንድ ጊዜ ቢያዩት ከማንኛውም የአራዊት ፊልም ይበልጥባቸዋል። ለማየት የሚያስፈልገው ግን ትዕግሥትና ፀሐይ ነው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ አይጦቹ ይወጣሉ፣ ቀበሮውም ይነሳል። ነሐሴ ላይ ሳነቴ ብዙ ቀን በጉም ይሸፈናል፣ ዝናብ ይጥላል፣ አንዳንዴም በረዶ ይዘንባል። ቀበሮው አልሄደም፣ ጉሙ ነው የሚደብቀው። አንድ ጠዋት ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው በዚህ ነው፤ ሦስት ጠዋት ያለው ግን በክረምትም ቢሆን ጥሩ ዕድል አለው።

«በበጋ ይሞቃል» የሚለውን ደግሞ አያስቡ። ጥርት ባለው የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ሳነቴ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ በክረምት ግን ደመናው የሌሊቱን ብርድ ጥቂት ያለዝበዋል። የበጋው ጥቅም ቀኑ ነው፤ ሰማዩ ይከፈታል፣ ፀሐዩ ይወጣል፣ ርቆ ያለ ይታያል። የቀበሮ ግልገሎችም በብዛት የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሆነ በታኅሣሥና በጥር ከጉድጓድ ወጥተው ሲጫወቱ የማየት ዕድል አለ። ግን ወደ ጉድጓዱ በእግር እንዳትጠጉ፤ እናቲቱ ሰው ከደረሰባት ግልገሎቿን ተሸክማ ሌላ ቦታ ታዛውራለች፣ በዚያ ብርድ ይህ ለግልገል አደጋ ነው። ከመኪናው አትውረዱ። ቀበሮዎቹ በሳነቴ መንገድ የሚያልፍ መኪና ለምደዋል፣ ቆሞ ከሚጠብቅ መኪና አጠገብ ሲያድኑ ይታያሉ። የመልመዳቸው ክፉ ጎን በዚያው መንገድ በፍጥነት በሚነዱ መኪኖች መገጨታቸው ነው፤ ስለዚህ ሾፌሩ ዝግ እንዲል ያድርጉ።

ስለ ውሻም ልናገር፣ ምክንያቱም ዘመድ ጥየቃ ጎባና ሮቤ የሚሄድ ሰው የቤት ውሻ ጭኖ ሲወጣ ይታያል። የቀይ ቀበሮ ዋና ገዳይ አዳኝ ሰው አይደለም፣ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ሌላው የውሾች ወረርሽኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ ወዳለው ዌብ ሸለቆ ሲገባ በተጠቁት መንጋዎች ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። 500 ብቻ ከቀረ እንስሳ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለልጆችዎ ያስረዷቸው። የተረፈ ምግብም መንገድ ዳር አይጣል፤ ውሻን ወደ አምባው የሚስበው እሱ ነው።

ባሌ የቀበሮ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ነሐሴ ላይ እንኳ ጉዞው የማይከስረው በዚህ ነው። ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ በጽድና በኮሶው ጫካ ውስጥ የደጋ አጋዘን አለ። ይህም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ቀንዱ የተጠማዘዘ ወንድ አጋዘን በጥቂት እርምጃ ርቀት ቆሞ ያያችኋል። ከዲንሾ አጠገብ ባለው በጋይሳይ ሣር ሜዳ ላይ ከርከሮና የምኒልክ ድኩላ ይጨመራል። ከወፎቹ ጥቁር ወፍራም ምንቃር ያለው የደጋው ቁራና እየጮኸ በመንጋ የሚያልፈው ጋጋኖ እዚያው ደጃፍ ላይ ናቸው። በየጅረቱ ዳር ጅራቱን እያርገበገበ የሚሮጥ ቡናማ ወፍ ካዩ የሩዤ የውኃ ዶሮ ነው፤ አይፈራም፣ ልጆች ራሳቸው ያገኙታል። ሳነቴ ላይ በጅባራው መካከል ባሉት ኩሬዎች ክንፈ ሰማያዊው ዝይ አለ። ወርቃማው ንስር፣ ቀይ ምንቃሩ ቁራና ቀዩ ዳክዬ በሰሜኑ ዓለም የሚታወቁ ወፎች ሲሆኑ ባሌ ላይም ጎጆ ሠርተው ይራባሉ። ከአምባው ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲወርዱ የአስታ ቁጥቋጦው ያልቅና የሐረና ጫካ ይጀምራል፤ ጉሬዛ፣ የባሌ ጦጣ፣ ከዛፎቹ ሥር የዱር ቡና። በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ከብርድ አምባ ወደ እርጥብ ጫካ የሚያወርድ ቦታ በአገራችን ሌላ አላውቅም። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ያየው ይህን ሁሉ ነው።

የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈቱ ወፍ የሚጠሩ አስጎብኚዎች አሉ። በመራቢያ ጊዜ ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣ መስሎት ጎጆውን ትቶ ይዋከባል። እንዳያደርጉት አስቀድመው ይንገሯቸው። ዲንሾ ላይ ያሉት የአካባቢው አስጎብኚዎች ጉጉቱ ቀን ቀን የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚተኛ ያውቃሉ፣ ድምፅ ማጫወት አያስፈልጋቸውም። ያለ እነሱ አይግቡ።

ከአሜሪካ አቅራቢ መነፅርና ድሮን ይዘው የሚመጡ ከሆነ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ሊይዝብዎት ይችላል። ድሮኑን ይተዉት፤ ለመነፅሩ ከመምጣትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፣ ወይም አስጎብኚው እንዲያመጣልዎ ይስማሙ።

አሞራ ገደል፣ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ከመንገድዎ ብዙ ስለማይርቅ አልቃወምም። ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ሲገቡ አባ ኮዳዎቹ በሰው መካከል ሲንጎራደዱ ልጆችን ያስደንቃል። ምግብ ግን ልጆቹ በእጃቸው አይስጡ፣ በተለይ ለጦጣዎቹ። የጦጣ ንክሻ ማለት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ፍለጋ ማለት ነው፣ ያኔ የእረፍቱ ነገር አበቃ። አርባ ምንጭን ግን ከዚህ ጉዞ ያውጡት። ‹አዞ ገበያ› የሚባለው የጫሞ ሐይቅ ዳር አዞዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው፣ የራሱ ሳምንት ይገባዋል፤ ከባሌ ተነስቶ እዚያ መድረስ ረጅም ሰዓት በመኪና ውስጥ መቀመጥ ነው።

የምመክረው ይህን ነው። ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው የትምህርት ቤት እረፍት በእኛ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይውላልና ጉዞውን ወደዚያ ያዛውሩት። ቲኬቱ ይወደዳል፣ አውቃለሁ፤ ልዩነቱ ግን ይህን ያህል ነው። ያኔ በመጀመሪያው ቀን ዝዋይ ዓሣ ማውረጃው ላይ ፔሊካኖቹን አይታችሁ ላንጋኖ ታድራላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ የፓርኩን ጠባቂ ፍላሚንጎ የት እንዳለ ጠይቃችሁ እሱ ያለበት ብቻ ትሄዳላችሁ። በሁለተኛው ቀን ዲንሾ ገብታችሁ ማታውን አጋዘን ታያላችሁ። ሦስተኛውና አራተኛው ጠዋት የሳነቴ ነው፤ የአራተኛው ከሰዓት የሐረና ይሁን። አምስተኛው ቀን መመለሻ ነው፤ ከሮቤ በረራ ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ ጠዋት ይተርፋችኋል።

ነሐሴን ማዛወር ካልቻሉ አብያታንና አርባ ምንጭን ይሰርዙ። ሐዋሳ አንድ ሌሊት፣ ባሌ ሦስት ሌሊት፣ አራት ጎማ የሚያሽከረክር መኪና፣ የዝናብ ልብስና ቅያሪ ጫማ ለእያንዳንዱ ልጅ። ከመነሳታችሁ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ዲንሾ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ስለ መንገዱም ስለ ፀጥታውም ጠይቁ፤ እዚያ ያሉት አትምጡ ካሉ አይሂዱ፣ ከሾፌር ጋር ቃል ከመግባትዎ በፊትም ይህን ሁኔታ ውሉ ላይ ያስገቡ።